ነጋሪው ሲታመም፦ የክሩስኮቶ መብራትና የብልሽት ምርመራ ታሪክ በኮርቬት የስፖርት መኪና ምሳሌነት

አንድ መሣሪያ ስለ ራሱ ጤንነት የሚሰጠውን ምስክርነት ሁልጊዜ እውነት ነው ብሎ መቀበል አይቻልም፤ ምስክሩም ራሱ መሣሪያ እንደ መሆኑ መጠን ይበላሻልና። በመኪና ክሩስኮቶ ላይ የሚታዩት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ታሪክም በአመዛኙ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ይኸውም፥ መብራቱ ሲበራ የታመመው ሞተሩ ነው ወይስ ነጋሪው? ይህን ያልለየ ባለሙያ ደኅናውን ዕቃ አውጥቶ ይጥላል፤ ወይም እውነተኛውን ማስጠንቀቂያ እንደ ሐሰት ቈጥሮ ሞተር ያቃጥላል።

በመጀመሪያዎቹ የአውቶሞቢል ዘመናት ነጂው የዘይቱን ግፊትና የኤሌክትሪኩን ሁኔታ የሚከታተለው ቀስት ባላቸው መለኪያዎች ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የአሜሪካው ሀድሰን ኩባንያ በመለኪያዎቹ ፈንታ ለዘይት ግፊትና ለጄኔሬተር መብራት አደረገ። ዘዴው ርካሽና ቀላል ስለ ነበረ ሌሎችም ተከተሉት። መለኪያ ወዳዶች ግን «የሞኝ መብራት» ሲሉ ተሳለቁበት፤ መለኪያው የሚመጣውን ችግር ቀስ በቀስ ሲያሳይ፥ መብራቱ የሚናገረው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነውና።

የዘይቱ መብራት አሠራር እንደሚከተለው ነው። ከባትሪው የተነሣው ኤሌክትሪክ በአምፖሉ አልፎ በሞተሩ ላይ ወደ ተተከለው ማብሪያ ይደርሳል። ግፊቱ ሲወርድ ማብሪያው ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኛል፤ መብራቱም ይበራል። ስለዚህ የሽቦው ልባስ ተልጦ ብረት ቢነካ፥ ግፊቱ ደኅና ሳለ መብራቱ ይበራል። ሽቦው ቢበጠስ ወይም አምፖሉ ቢቃጠል ደግሞ፥ ግፊቱ ጠፍቶም እንኳ መብራቱ አይበራም። ሁለተኛው ሐሰት ከመጀመሪያው የከፋ ነው። በዚህም ምክንያት ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ መብራት አለመብራቱን መመልከት የምርመራ ሁሉ መጀመሪያ ሆነ። ቀጥሎም ባለሙያው ሽቦውን ከማብሪያው ይነቅላል። መብራቱ ከጠፋ ሽቦው ንጹሕ ነው፤ ጥርጣሬው በማብሪያው ወይም በግፊቱ ላይ ይቀራል፤ ይህንንም ግፊቱን በእጅ መለኪያ ለክቶ ይቈርጣል።

የባትሪው መብራት ደግሞ የበለጠ ረቂቅ ነው። በብዙ አልተርኔተሮች ዘንድ ማመንጨቱን የሚያስጀምረው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚያው አምፖል ውስጥ ስለሆነ፥ የአምፖሉ መቃጠል ብቻውን ባትሪውን ኀይል ሊያሳጣው ይችላል። በዚህ ጊዜ ነጋሪውና በሽታው አንድ ይሆናሉ።

በ1953 (እ.ኤ.አ.) በሸቭሮሌ ተሠርቶ የወጣው ኮርቬት ለዚህ ታሪክ ልዩ ምሳሌ ነው። የመኪናው አካል የተሠራው ከብረት ሳይሆን ከፋይበርግላስ ነው። በሌሎች መኪናዎች ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በአካሉ ብረት በኩል ሲሆን፥ ፋይበርግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ለመመለሻው የተለየ ሽቦ መዘርጋት ግድ ሆነ። የነዚህ ሽቦዎች መያዣ ሲዝግ ወይም ሲላላ ኤሌክትሪኩ መውጫ ፍለጋ በሌላ መብራት በኩል ይዞራል፤ መብራቶቹም ያለ ምክንያት ይፈዛሉ፤ ያለ ጊዜያቸውም ይበራሉ። እንግዲህ ከዕቃው በፊት መመለሻውን መመርመር የኮርቬት ባለሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ሆነ።

በ1981 (እ.ኤ.አ.) ጄኔራል ሞተርስ በአሜሪካ በሚሸጣቸው የቤንዚን መኪናዎች ላይ ኮምፒዩተርና «ሞተሩን መርምር» የሚል መብራት አኖረ። የ1984 ኮርቬትም ቀስቶቹን ትቶ በቁጥር የሚያሳይ ክሩስኮቶ ይዞ ቀረበ። ባለሙያው በክሩስኮቶው ሥር ባለው መሰኪያ «ኤ» እና «ቢ» የተባሉትን ጫፎች በሽቦ ሲያገናኝ መብራቱ በብልጭታ ይቈጥራል። አንድ ጊዜ፥ ከዚያም ሁለት ጊዜ ቢበራ 12 ማለት ነው፤ ትርጉሙም ሞተሩ አልተነሣም፥ ኮምፒዩተሩ ግን መናገር ይችላል ነው። ከሌላው ሁሉ በፊት ነጋሪው ስለ ራሱ ይመሰክራል ማለት ነው።

ቁጥሩ ግን የሚጠቁመው የተበላሸውን ዕቃ ሳይሆን መሥመሩን ነው። 14 የውሃው ሙቀት ምልክት ከመጠን በላይ ሞቃት ሲመስል፥ 15 ደግሞ ከመጠን በላይ ቀዝቃዛ ሲመስል ይመዘገባል። 14 ሲያሳይ የሙቀት መለኪያው ሽቦ ተነቅሎ ቁጥሩ ወደ 15 ቢለወጥ፥ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ የመለኪያው ነው። ባይለወጥ ሽቦው ብረት ነክቷል ወይም ኮምፒዩተሩ ታሟል። ይህ ከአሮጌው የዘይት መብራት ፈተና ጋር በዘዴው አንድ ነው።

ከዚያ ወዲያ መብራቱ የሕግ ጉዳይ ሆነ። የሎስ አንጀለስን የጢስ ጭጋግ ለመቀነስ የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎች ራሳቸውን እንዲመረምሩ አስገደደ። በ1996 ሞዴል ደግሞ ባለ 16 ጫፍ መሰኪያና የጋራ ቁጥሮች በመላው አሜሪካ ግዴታ ሆኑ። በ1997 የወጣው ኮርቬት ከዚህም አልፎ ቁጥሮቹን በራሱ ክሩስኮቶ ላይ በጽሑፍ ያሳይ ነበር፤ አሁን ያለውን ብልሽት «ሲ»፥ ያለፈውን ደግሞ «ኤች» በሚል ፊደል እየለየ።

መሣሪያው ከቀላል አምፖል ተነሥቶ ማስታወስ እስከሚችል ኮምፒዩተር ደርሷል። የባለሙያው ተግባር ግን አልተለወጠም፤ ምስክሩን መስማት፥ ምስክሩን መፈተን፥ ከዚያም በኋላ መፍረድ ነው።