መቶ ዶላሩ ውስጥ ያልገባው ሒሳብ

ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ብሎ ሲነሣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 2005 ነበር። ለድሃ አገር ተማሪ፣ ያውም በመቶ ዶላር! በዚያው ዓመት ቱኒስ ላይ በእጅ እየተዘወረ ኃይል የሚሞላ አረንጓዴ ናሙና ታየ። በ2007 ማምረት ሲጀመር ግን መዘውሩም ቀርቷል፣ መቶውም ወደ 190 ተጠግቷል።

ይሁን፤ ዋጋ ይወደዳል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፔሩ ውስጥ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ተደርጎ በ2012 የወጣ ጥናት በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ኮምፒውተሩ ክፍል ገባ፤ ትምህርቱ ግን እንደነበረው ቀጠለ።

በ2008 ለእኛም ልጆች ጥቂት ሺህ ደርሷቸዋል። ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ልናገር፦ ልጅ መሣሪያውን ቶሎ ይለምደዋል፤ ምን እንደሚጠይቅበት የሚያሳየው ግን አስተማሪ ነው። መቶ ዶላሩ ሲሰላ እሱ አልተደመረም። እስቲ ቀጣዩን ስንገዛ ከእሱ እንጀምር።