በሬውም የሚያርፍበት ቀን

ድካም ዛሬ የግል ጉዳይ ሆኗል። ሰው በሥራ ብዛት ሲዝል፣ ሐሳቡም በስልኩና በኑሮው ጭንቀት መካከል ሲበታተን፣ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ራስህን አሳርፍ፣ ስልክህን አስቀምጥ፣ ጸሎትህን አትተው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሸክሙን መልሶ የሚያሸክመው ያንኑ የደከመውን ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ2019 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ዓይነቱን መዛል በዓለም አቀፍ የበሽታዎች መዝገቡ ሲያሰፍር ከሥራ የሚመጣ ክስተት አለው እንጂ በሽታ አላለውም። ምንጩ ከሰውየው ውጭ ከሆነ መድኃኒቱ በሰውየው ውስጥ ብቻ ሊገኝ አይችልም። የኢትዮጵያ ክርስትና ይህን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተረዳው ይመስለኛል። ቀዳሚት ሰንበትን፣ ማለትም ቅዳሜን፣ ስለ ማክበር የተደረገው ረጅም ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚተረክልን እንደ ነገረ መለኮት ሙግት ወይም በገዳማት መካከል እንደነበረ የሥልጣን ሽኩቻ ነው። እኔ ግን ከዚያ ጎን የዕረፍት ታሪክ አድርጌ ማንበብ እፈልጋለሁ። ያ ታሪክ የሚያሳየው እምነት ሰውን ያሳረፈው ዕረፍትን ለእያንዳንዱ ፈቃድ ስላልተወው፣ ጌታንና አገልጋይን፣ ሰውንና በሬን አንድ ላይ የሚያስር የጋራ ሕግ ስላደረገው መሆኑን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ውጭ ነው። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ321 እሑድን የዕረፍት ቀን ሲያደርግ ዐዋጁ ዳኞችን፣ የከተማ ነዋሪዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ከሥራ አሳረፈ፤ ገበሬውን ግን የዘሩ ወቅት እንዳያመልጠው በሚል እንዲያርስ ፈቀደለት። በዚያው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ደግሞ ክርስቲያኖች ቅዳሜን እንደ አይሁድ እንዳያርፉና እንዲሠሩበት ደነገጉ። ከዚህ በተቃራኒ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት ሶርያ አካባቢ በሐዋርያት ስም የተሰናዳ የሥርዐት መጽሐፍ ነበረ። በዚያ መጽሐፍ አገልጋዮች አምስት ቀን እንዲሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ሥራ ትተው ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንዲማሩ ታዝዟል፤ በሰሙነ ሕማማትና ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንትም እንዲያርፉ ተደንግጓል። የዚህ ዓይነቱ ሥርዐት ሲኖዶስና ዲድስቅልያ በተባሉት መጻሕፍት በኩል ወደ ግእዝ ገባ። ትእዛዙ ለማን እንደተጻፈ ልብ ማለት ይገባል። ጌታው ሲደክመው ለማረፍ ሕግ አያሻውም፤ ሕግ የሚያሻው የሌላውን ትእዛዝ የሚጠብቀው ሰው ነው። በኦሪት ዘዳግም ያለው የሰንበት ትእዛዝም ወንድና ሴት አገልጋዩን፣ በሬውንና አህያውን፣ መጻተኛውንም ይጠራል፤ ምክንያቱንም ሲናገር እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደነበረ ያስታውሰዋል።

ይህን ትእዛዝ ቃል በቃል የያዙት በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በሰሜን የተነሡት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ናቸው። በዚያ ጊዜ ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ቅዳሜን ማክበር አይሁዳዊነት ነው ብለው ይከለክሉ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ከእነርሱ ጋር ነበረ። ኤዎስጣቴዎስ በትምህርቱ ጸንቶ በ1330ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቀቀ፤ በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አልፎ አርመን ገባ፤ በ1352 በዚያው ዐረፈ። አስከሬኑ እንኳ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ደቀ መዛሙርቱ ግን ሥርዐቱን አልለቀቁም። አባ አብሳዲ በሰራዬ ደብረ ማርያምን፣ አባ ፊልጶስም በሐማሴን ጠርዝ ደብረ ቢዘንን መሠረቱ። ለዚህ የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ ክህነት ተነፈጋቸው፣ ከሹመትና ከቤተ መንግሥት ራቁ፣ ከሌሎች ክርስቲያኖችም ተለዩ። በ1400 ዐፄ ዳዊት መሪዎቻቸውን አስጠርቶ ከጳጳሱ ከአቡነ በርተሎሜዎስ ፊት አቆማቸው። አንለወጥም ስላሉ አባ ፊልጶስና ባልንጀሮቹ ታሰሩ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ንጉሡ ራሱ ፈታቸው፤ ሁለቱንም ሰንበታት እንዲያከብሩም ፈቀደላቸው። ለአንድ ቀን ዕረፍት ሰው ይህን ያህል መከራ መቀበሉ ዛሬ ያስደንቃል። እኛ የዕረፍታችንን ቀን ለአንድ የስልክ ጥሪ ስንለውጠው ቅር አይለንም።

ክርክሩን የዘጋው በ1450 በተጉለት በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የኤዎስጣቴዎስን ልጆችና ሁለቱን ግብፃውያን ጳጳሳት፣ አቡነ ሚካኤልንና አቡነ ገብርኤልን፣ አገናኘ፤ ጳጳሳቱ ቀዳሚት ሰንበትን ተቀበሉ፣ የደብረ ቢዘን ወገኖችም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። የንጉሡን ዓላማ ከፖለቲካ ለይቶ ማየት አይቻልም፤ የተከፈለች ቤተ ክርስቲያን ለተከፈለ መንግሥት ትተርፋለችና። ዘርዐ ያዕቆብ በእምነት ጉዳይ ሕዝቡን ያስጨነቀ፣ የመነኩሴውን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት ያሠቃየ ንጉሥም ነበር። ያም ሆኖ በዚያ ጉባኤ የሆነው ነገር ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ሥርዐት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚህ ግን ከዳር የተገፉ መነኮሳት የያዙት ልማድ ከመቶ ዓመት ትግል በኋላ የአገር ሕግ ሆነ።

ያ ዕረፍት ምን ይመስል ነበር? ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠው ዐፄ ገላውዴዎስ ነው። የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን የኢየሱሳውያንን ክስ ለመመለስ በ1555 በጻፈው የእምነት መግለጫ፣ ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱ፣ እሳት እንደማያነድዱ፣ ከቤት ወደ ቤት እንደማይሄዱ አይሁድ አይደለም ይላል፤ ቁርባን እናቀርብበታለን፣ የፍቅር ማዕድም እናደርግበታለን ሲል ያስረዳል። እንግዲህ ለእርሱ ሰንበት የሚታወቀው ሰው ከሚተወው ይልቅ ከሚያደርገው ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። የኢትዮጵያ ሰንበት ለሥጋ አይመችም፤ ማኅሌቱ ሌሊቱን ይፈጃል፣ ቅዳሴው ሰዓታት ይወስዳል፣ ምእመኑ በባዶ ሆድ ቆሞ ያስቀድሳል። ይህ እንዴት ዕረፍት ይባላል? መልሱ በሥርዐቱ አሠራር ውስጥ አለ። ዲያቆኑ ደጋግሞ ሕዝቡን ያነሣል፤ ለጸሎት ተነሡ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ እያለ ያሳስባል፤ ሕዝቡም በየመካከሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ይህን ያሰናዱ አባቶች የሰው ልብ እንደሚበር አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ የሚበረውን ልብ ለብቻው እንዲታገል አልተዉትም፣ የሚጠራው ድምፅ ሠሩለት። የሚያዝለው ሥራው ብቻ አይደለምና፤ በመቶ አቅጣጫ መጎተትም ያዝላል። ከሌሎች ጋር ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆም እግርን ቢያደክም እንኳ ልብን ይሰበስባል።

በገጠሩ ሕግ ሆኖ የኖረው ደግሞ የበለጠ የሚጨበጥ ነበር። በሰንበት ሞፈር አይነሣም፣ እንጨት አይፈለጥም፣ እህል አይፈጭም፣ ጥጥ አይፈተልም። በዓል የሻረ ሰው በራሱ ላይ ብቻ ቅጣት አያመጣም፤ ለአገሩ ሁሉ ማሳ በረዶ ያስመታል ተብሎ ይፈራል፤ ስለዚህም ጎረቤት ይቆጣል። ይህን እምነት ከአጉል ፍርሃት ቆጥሮ ማለፍ ቀላል ነው። ያደረገውን ግን እንይ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው አርሶ እንዳይቀድመው ዋስትና ሆነ። ሰው ዐርፎ የማያርፈው እርሱ ሲያርፍ ሌላው እየሠራ እንደሆነ ሲያስብ ነው፤ ሁሉ ባረፈበት ቀን ግን ወደ ኋላ የሚቀር የለም። ሕጉ ወደ ላይም ደረሰ። ባላገሩ ለገዥው በግዴታ የሚያርሰው ሁዳድ ነበረበት፤ መሬት የማይታረስበት ቀን ለሁዳዱም አይታረስበትም። ባለጉልቱ የገበሬውን ጉልበት ሁሉ የእኔ ነው ሊል በሚችልበት ዘመን፣ የማይነካ ቀን ያቆመለት በዓሉ ነበረ። ቀኑም ባዶውን አልዋለም። የተጣላ ይታረቅበታል፣ የታመመ ይጠየቅበታል፣ ሐዘንተኛ ይጽናናበታል። ሰንበቴውም በተራ እየተዘጋጀ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከካህናቱና ከነዳያን ጋር ይበላል፤ ገላውዴዎስ የጻፈው የፍቅር ማዕድ ትንሹ ቅርጽ ይህ ነው።

እዚህ ላይ በሃያኛው መቶ ዓመት አገሩን ለማዘመን የተነሡ ሰዎች ጠንካራ ክርክር አቅርበዋል፦ በዓል ገበሬውን አደኸየው። በእርግጥም ከሁለቱ ሰንበታት ሌላ በየወሩ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔዓለም፣ ባለወልድ አሉ። እህል በማሳ ላይ ሳለ ደመና እየጠቆረ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ክርክሩ ሁለት ነገር ይደባልቃል። በየአጥቢያው ልማድ የተደራረቡት ዕለታት ሌላ ናቸው፣ የሳምንቱ ዕረፍት ሌላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በየወሩ አጥብቃ የምታዝዘው ከሕዝቡ ልማድ እጅግ ያነሰ ነው። ከምርቱ ብዙውን እጅ በግብርና በመሬት ኪራይ የሚያስረክበውን ገበሬ ድህነት ከዕረፍቱ ብቻ መቁጠርም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጥማድ በሬ በየቀኑ ቢጠመድ ምን ያህል እንደሚዘልቅም ገበሬው ሊያዘምኑት ከተነሡት ይልቅ ያውቃል።

ከዚህ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ሕጉ ሁሉን አሳርፏል የሚለው እውነት አይደለም። ወፍጮና እንዝርት ቆመው ሴቲቱ ከከባዱ ሥራ ብታርፍም፣ ምድጃው አልጠፋም፤ ለሰንበቴው የሚጋገረው፣ ለበዓሉ የሚጠመቀው፣ ለእንግዳው የሚፈላው ቡና ሁሉ በእርሷ ጉልበት ነበረ። ባርነትም በ1942 በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ የአገልጋዩን ዕረፍት የሚያነብቡ ቤቶች ራሳቸው ባሮች ነበሯቸው። ይህ ሕጉን ይከሳል ወይስ ሕጉን ያፈረሱትን? እኔ እንደማየው የሚከሰሱት አፍራሾቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ጽሑፉ የማያሻማ ነበረ፣ ስሕተቱን የምንለካውም በራሱ በጽሑፉ ነው። ዕረፍት የእያንዳንዱ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ እነዚያን ጌቶች ለመክሰስ የሚያስችል መለኪያ እንኳ አይኖረንም ነበር።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከራሱ ከክርስትና ውስጥ የሚመጣ ነው። ሰንበት ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለሰንበት አልተፈጠረም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በሰንበት ምክንያት ማንም አይፍረድባችሁ ብሎ ጽፏል። ታዲያ ዕረፍትን ሕግ ማድረግ ጸጋን መሻር አይሆንም? ሕጉ በአምልኮ ስም ሰውን ሲደቁስ ይሆናል። ነገር ግን ሰንበት ለሰው ከተፈጠረ፣ ለደካማው ሰው ጭምር መፈጠሩ ነው፤ ለደካማው የተሰጠ ስጦታ ደግሞ ብርቱው እንዳይነጥቀው ጠባቂ ያሻዋል። ታሪኩም ተቃራኒውን መንገድ አሳይቶናል። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ምክር በ1620 ገደማ ቅዳሜን ማክበር ሲከለክልና ሕዝቡ በቀኑ እንዲሠራ ሲያዝ፣ ነጻነት አመጣሁ ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር፤ ሕዝቡ ያየው ግን የተነጠቀ ቀን ነው። ዐመፅ ተነሣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ዕረፍትን የሚከለክል መንግሥትም ሕግ አውጪ ነው፤ ምርጫው በሕግና በነጻነት መካከል አልነበረም፣ ለማን በሚያደላ ሕግ መካከል ነበር።

ዛሬ ይህ ታሪክ የሚፈርደው በሁለት ዓይነት ሰዎች ኑሮ ላይ ነው። አንደኛው ማረፍ የሚችለውና የማያርፈው ነው፤ ለእርሱ ከብቸኛ ቁርጠኝነት ይልቅ የሚጠቅመው ከሌሎች ጋር የተጋራ ቀን ነው፤ ማኅበሩ የሚጠብቀው፣ ቢቀር የሚጠየቅበት፣ ስልኩንም ከባልንጀሮቹ ጋር የሚዘጋበት ቀን። ሁለተኛዋ ማረፍ የማትችለው ናት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ከሚሠሩት እኅቶቻችን ብዙዎቹ በሳምንት አንድ ቀን ከቤት መውጣት አይፈቀድላቸውም። እዚህ አገር ቤትም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (የዚህ ቁጥር ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለሠራተኛ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ሲያዝ፣ የቤት ሠራተኛዋን ጉዳይ ለሌላ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት አሠሪዋ ነጠላዋን ለብሳ ቅዳሴ ስትሄድ፣ ልጅቷ ሽንኩርት እየከተፈች ትቀራለች። መንግሥት ደንቡን እስኪያወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አምስት ቀን ይሥሩ፣ ሁለቱን ቀን ለቤተ ክርስቲያን ይለቀቁ የሚለው ሥርዐት በቤተ ክርስቲያኒቱ መጻሕፍት ውስጥ ስለተጻፈ፣ የንስሓ አባት አሠሪዋን ስለ ጾሟ እንደሚጠይቃት ሁሉ ስለ ሠራተኛዋ ሰንበትም ሊጠይቃት ሥልጣን አለው።