አያት ያሳደገችው ልጅና የጡረታ ሕግ

እህቶቼ፣ አሜሪካን አገር ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 በሩዝቬልት ጊዜ ነው። ሲጀመር ወርሃዊ አበሉ ለሠራተኛው ለራሱ ብቻ ነበር። በ1939 ሲሻሻል ሟች የሚተዋቸው ሚስትና ልጆችም ገቡበት፤ የኛ አገር ሕግ “ተተኪ” የሚላቸው ማለት ነው። የልጅ ልጅ ግን አልተጠራም። አያት አብልታ፣ አልብሳና አስተምራ ብትሞት፣ በጉዲፈቻ ካልወሰደችው በቀር አበሉ አብሯት ይቀበር ነበር።

ደግሞ እኛን የሚነካው ይኸውላችሁ። በ1935ቱ ሕግ የቤት ሠራተኛ ጭራሽ አልነበረችበትም። ከየሰው ቤት መዋጮ መሰብሰብ ያስቸግራል ተባለ። በደቡቡ ክፍል ሰው ቤት የሚሠሩት አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስታዝል የኖረች አያት በመዝገቡ ላይ ሠራተኛ አይደለችም! በሩ የተከፈተላት በ1951 ነው፣ እሱም ገርበብ ብሎ። በሦስት ወር ውስጥ ለአንድ አሠሪ ቢያንስ 24 ቀን ሠርታ 50 ዶላር ማግኘት ነበረባት። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የምትሠራዋ አሁንም ውጭ ቀረች። የ24 ቀኑን ነገር ያነሣው የ1954ቱ ማሻሻያ ነው። መዋጮ ያልተከፈለበት ሥራ ደግሞ ለልጅም ለልጅ ልጅም የሚያወርሰው አበል የለውም።

የልጅ ልጆች ተራ የደረሰው በ1972 ነው፤ ከ1939 ሲቆጠር 33 ዓመት። አሁን አያት ስትሞት ልጁ እስከ 75 በመቶ የሚደርስ አበል ሊያገኝ ይችላል። ግን አያቱ ጋ መኖር አለበት፣ ከወጪውም ቢያንስ ግማሹን የምትችለው እሷ መሆን አለባት። እናትና አባቱም ወይ የሞቱ ወይ በአካል ጉዳት ሥራ መሥራት የማይችሉ መሆን አለባቸው።

እኔ እዚህ ላይ ነው ቆም ያልኩት። እናትየው ጤነኛ ሆና ሩቅ አገር ሰው ቤት ካለችስ? ለሕጉ ልጁ እናት አለው፣ አለቀ። መራቅ አይቆጠርም። የኔ ልጅ ደሴ እናቴ ጋ ነች፣ “እማ” የምትለውም እሷን ነው። በዚያ ሕግ ብትመዘን አታልፍም። እናቴ በጉዲፈቻ ብትወስዳት ታልፋለች፤ ያ ማለት ግን እኔ እናትነቴን በወረቀት ላስረክብ ነው።

የኛ አገሩ ከዚህም ይጠባል። በ2003 ዓ.ም. የወጡትና በ2014 ዓ.ም. በሌሎች የተተኩት የጡረታ አዋጆች፣ 714ና 715፣ ተተኪ ያሏቸው ሚስት ወይም ባል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ፣ እና ሟች ይጦራቸው የነበሩ ወላጆችን ነበር። ለሚስት 50 በመቶ፣ ለልጅ 20 በመቶ ነበር። የልጅ ልጅ አልነበረችበትም። አባቴ በትምህርት ቤት ጥበቃነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እሱ ቢያልፍ እናቴ ግማሹን ታገኛለች፣ ያንኑ ከልጄ ጋር ይቃመሱታል። እናቴም ብትከተለው ግን ለልጄ የሚቀራት ከዚህ የምልከው ብቻ ነው።