የኤም-ፔሳ ገቢ የማን ነው? ባለቤትነት የፈጠራን ፍሬ እንዴት ያከፋፍላል

በኬንያ የጎመን ነጋዴውም ሆነ የማታቱ ረዳቱ ሂሳቡን የሚቀበለው በስልኩ ነው። ገንዘብ በተላከ ቁጥር የምትቆረጠው ትንሽ ክፍያ ተጠራቅማ፣ ዛሬ ኤም-ፔሳ ከሳፋሪኮም የአገልግሎት ገቢ ከ40 በመቶ በላይ ያስገኛል። ይህን ገቢ እነማን እንደሚካፈሉት የሚወስነው ግን ቴክኖሎጂው ሳይሆን የኩባንያው ባለቤትነት ነው።

አገልግሎቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ሲጀመር፣ ከሳፋሪኮም 60 በመቶው በመንግሥታዊው ቴልኮም ኬንያ፣ 40 በመቶው ደግሞ በብሪታኒያው ቮዳፎን ወገን ተይዞ ነበር። ሐሳቡ የፈለቀው ቮዳፎን ውስጥ ነው። የኩባንያው ባለሙያዎች ኒክ ሂውዝና ሱዚ ሎኒ መጀመሪያ ያሰቡት የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ለሙከራው የብሪታኒያ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ድጋፍ ሰጠ፤ ቮዳፎንም የበኩሉን አዋጣ። በሙከራው ወቅት ተጠቃሚዎቹ ገንዘብ እርስ በርስ መላላክ ሲጀምሩ አገልግሎቱም ወደዚያው አዘነበለ። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክም የባንክ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሥራው እንዲጀመር ፈቀደ።

ገበያው፣ ወኪሎቹና ደንበኞቹ ኬንያውያን ይሁኑ እንጂ የሥርዓቱና የስሙ ባለቤት ቮዳፎን ነበር። በመሆኑም ሳፋሪኮም በገዛ አገሩ ላሳደገው አገልግሎት ለዓመታት የፈቃድ ክፍያ ከፍሏል። ማዕከላዊ ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ከጀርመን ወደ ኬንያ የተዛወሩት በ2015 ነው። ሳፋሪኮምና የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም ስሙንና ሥርዓቱን በጋራ የገዙት በሚያዝያ 2020 ሲሆን፣ በዚያው ወር ፒተር ንዴግዋ የመጀመሪያው ኬንያዊ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ሥራ ጀመሩ።

በ2008 መንግሥት 25 በመቶውን ለሕዝብ በአምስት ሺሊንግ ሂሳብ ከሸጠ በኋላ የራሱ ድርሻ 35 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ከግማሽ በላይ የያዘ ወገን አልነበረም። በታኅሣሥ 2025 ግን መንግሥት ተጨማሪ 15 በመቶ ለቮዳኮም በ204 ቢሊዮን ሺሊንግ ገደማ የመሸጥ ዕቅዱን ይፋ አደረገ። በዕቅዱ መሠረት የቮዳኮም ድርሻ 55 በመቶ ይደርሳል። ለግምጃ ቤቱ ፈጣን ገንዘብ ነው፤ በየዓመቱ ይገባ ከነበረው የትርፍ ድርሻ ግን የሚቀረው ያነሰ ይሆናል። በእኔ ግምት ከዋጋው ይልቅ ሊያከራክር የሚገባው ይህ የሥልጣን ሚዛን ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተጀመረው ከሌላ ጫፍ ነው። ሙሉ በሙሉ የመንግሥት የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2021 ሥራ ላይ አዋለ። በዚያው ወር በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ያሸነፈው የሳፋሪኮም ጥምረት በመጀመሪያው ፈቃዱ የሞባይል ገንዘብ አልተካተተለትም ነበር፤ ኤም-ፔሳ አዲስ አበባ የደረሰው ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ይህ ክፍተት ለቴሌብር ሰፊ የቅድሚያ ዕድል ሰጥቶታል።

ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2024 እስከ የካቲት 2025 የ10 በመቶ ድርሻውን ለዜጎች በ300 ብር ሂሳብ ሲያቀርብ፣ ከ100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። አንድ ገዢ ከ3,333 በላይ መያዝ አይችልም ነበር። 10 በመቶው በሙሉ ቢሸጥ እንኳ 90 በመቶው በመንግሥት እጅ ስለሚቆይ፣ ቦርዱን የሚሰይመው እሱ ነው።