ጫካው ለጨዋ ልጅ አይሆንም

ጆን ሙዲ የናፖሊዮን ጦርነት ሲያበቃ በግማሽ ደመወዝ ከተሰናበቱት የእንግሊዝ መኮንኖች አንዱ ነበር። ባለቤቱ ሱዛና ስትሪክላንድ ደግሞ ደራስያን ከበዙበት ቤት የወጣች ጸሐፊ ናት። ስም አላቸው፤ ገንዘብ የላቸውም። በዚያ ዘመን ደግሞ የእንግሊዝ ወሬ ሁሉ ካናዳ ነበር። መሬት አሻሻጮች ስለ ለምነቱና ስለ ርካሽነቱ ያወራሉ፤ ስለ ውርጩና ስለ ትንኙ ግን ትንፍሽ አይሉም። ባልና ሚስቱ በ1832 እ.ኤ.አ. ሕፃን ልጃቸውን ታቅፈው ተሳፈሩ። የቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ ላይ ሲደርሱ የጠበቃቸው ኮሌራ ነበር።

መጀመሪያ የያዙት ከኦንታሪዮ ሐይቅ ብዙም የማይርቅ፣ የተመነጠረ እርሻ ነው። እዚያው ቢቆዩ ይበጃቸው ነበር ባይ ነኝ። በ1834 ግን የሱዛና ወንድምና እህቷ ካትሪን ወደሰፈሩበት፣ ዱሮ ወደሚባለው ቦታ ጫካ ዘለቁ። ሙዲ ግማሽ ደመወዙን ሸጦ የእንፋሎት መርከብ አክሲዮን ገዛበት፤ ትርፍ የሚባል አላየም። ጠፍ ተብሎ የሰፈሩበት ምድርም ባለቤት ነበረው፤ በ1818 ውል ከአገሬው ከአኒሺናቤ ሕዝብ እጅ የወጣ ነው። የአደን ሥጋ እያመጡ ከሰፋሪዎቹ ጋር የሚለዋወጡትም እነሱው ነበሩ።

ግንድ ለማንሣትና ለማቃጠል ጎረቤት በደቦ ይጠራል። ሱዛና ደቦውን ጠላችው፤ ከሠላሳ በላይ ሰው አብልቶና ውስኪ አጠጥቶ የሚገኘው ሥራ ከወጪው አይመጣጠንም ትላለች። ጠላ ጠምቆ ደቦ የጠራ ገበሬ ብሶቷ ይገባዋል። ቢጫ አበባ ያለውን የሜዳ አረም ሥሩን ነቅላ፣ ቆልታና ፈጭታ እንደ ቡና አፍልታ ከሱቁ ቡና ይበልጣል ማለቷን ግን የቡና አገር ሰው የሚቀበላት አይመስለኝም።

በ1837 የካቲት፣ ባሏ በሌለበት፣ አዲሷ ሠራተኛ ምድጃውን በደረቅ የዝግባ ስንጣሪ ሞላችው፤ ጣሪያው ተያያዘ። ሱዛና የቁምሳጥኑን መሳቢያዎች ልብሱን ዘርግፋ አወጣችና በብርድ ልብስ ለበጠቻቸው፤ ልጆቿን በየመሳቢያው አስገብታ፣ አልጋ ልብስ ደራርባ በረዶው ላይ አቆየቻቸው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በመንግሥት ላይ አመፅ ሲነሣ ሙዲ ከመንግሥት ጎን ዘመተ። እሷ ልጆቹ ሲተኙ ለአንድ የሞንትሪያል መጽሔት እየጻፈች ዕዳ ከፈለች። ለባሏ ሳትነግርም ለገዥው ለሰር ጆርጅ አርተር አቤቱታ ላከች። ሙዲ ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ፤ ቤተሰቡም በ1840 መጀመሪያ ቤልቪል ከተማ ገባ። መጥረቢያው በስድስት ዓመት ያልሠራውን ብዕሯ ሠራው።

በ1852 ለንደን ላይ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ጫካው ጉልበት ላለው ድኻ እንጂ ለጨዋ ልጅ አይሆንም ብላ አስጠነቀቀች። ብዙ ካናዳውያን ተቀየሟት። በዚያው በ1832 የመጣችው ካትሪን ደግሞ የእህቷ መጽሐፍ ከወጣ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እርሾ ከመጣል ጀምሮ ለሰፋሪ ሴቶች የሚበጀውን የቤት ሙያ የሚያስተምር መምሪያ ማሳተም ጀመረች።