የስልሳ አራቱ ቤቶች እህል

ዛሬ ይዘን የቀረብነው የአንድ ቁጥር ታሪክ ነው። ቁጥሩ 18,446,744,073,709,551,615 ነው። ለማንበቡ እኛም ትንሽ ተቸግረናል።

በ681 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኸሊካን (ረሒመሁላህ) እንደዘገቡት፣ ሲሳ የተባለ ሰው ሰንጠረዥን ፈልስፎ ለሕንድ ንጉሥ አቀረበ። ንጉሡ ሽልማትህን ምረጥ ቢለው፣ ለመጀመሪያው ቤት አንድ የስንዴ ፍሬ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አራት፣ እንዲህ እጥፍ እየተደረገ እስከ 64ኛው ቤት ይሰጠኝ አለ። ንጉሡ ልመናውን ናቀው። ሒሳብ ሹሞቹ ግን ያን ያህል እህል በግዛቱ እንደሌለ ነገሩት።

ኢብን ኸሊካን ራሳቸውም ነገሩን አላመኑም ነበር። በኋላ አንድ የእስክንድርያ ሒሳብ አዋቂ አስረዳቸው። በ16ኛው ቤት ፍሬው 32,768 ይደርሳል፤ ይህን አንድ ቀደሕ አሉት፤ ቀደሕ የግብፅ እህል መስፈሪያ ነው። ከዚያ ወዲያ ፍሬ መቁጠር ቀረና መስፈሪያው ይቆጠር ጀመር። በ40ኛው ቤት አንድ ጎተራ ሞላ። በ50ኛው 1,024 ጎተራ ያላት አንድ ከተማ ሆነ። በ64ኛው ቤት 16,384 እንዲህ ያሉ ከተሞች!

ከእርሳቸው ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ390 ዓመተ ሒጅራ ገደማ፣ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ቁጥሩን በአጭር መንገድ አግኝተውት ነበር። 16ን በራሱ ማባዛት 256 ይሰጣል፤ 256ን በራሱ 65,536፤ ይህን በራሱ 4,294,967,296። አንድ ጊዜ ደግመው ካባዙ በኋላ አንድ መቀነስ ብቻ ነው። አንድ የሚቀነሰው፣ እያንዳንዱ ቤት ከእርሱ በፊት ያሉት ሁሉ ተደምረው ከሚሆኑት በአንድ ፍሬ ስለሚበልጥ ነው።

ሰንጠረዥ የሚለው ቃላችን ከዐረብኛው ሸጠረንጅ ጋር አንድ ነው። ጨዋታው በመሳፍንቱ ዘመን በአገራችን ይታወቅ ነበር፤ በየጁው ተወላጅ በራስ ዓሊ ዘመን የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውደንም ጽፎበታል። (ስለ ጨዋታው ብይን ዑለሞች ተለያይተዋል፤ ሐነፊዮች ከልክለውታል፣ ሻፊዒዮች ጠልተውታል። ወሬያችን ግን ስለ ቁጥሩ ነው።)

ከዚሁ ከየጁ ምድር ሳንወጣ ሐራ ገበያ እንግባ። አንድ ገበሬ በክረምት አንድ ቁና ማሽላ ተበደረ እንበል። አበዳሪው በዓመቱ ካልከፈልክ እጥፍ ይሁን ይለዋል። የጃሂሊያ ዐረቦች አራጣም እንዲሁ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ያልከፈለ ዕዳው ይጨመርበታል። አላህ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 130ኛው አንቀጽ የከለከለው ይህንኑ እጥፍ ድርብ የሆነ አራጣ ነው።

ሁለት ቁና፣ አራት ቁና፣ ስምንት ቁና፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ንጉሡ ያስንቃሉ። በ10ኛው ዓመት ዕዳው 1,024 ቁና ነው። በዚያ ዓመት ብቻ የተጨመረው 512 ቁና፣ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሁሉ ከተጨመረው 511 ቁና በአንድ ይበልጣል።