ታሪካዊ ሕንፃዎችን ጠግኖ ለሕዝብ አገልግሎት ማዋል፤ ለጂንካና ለደቡብ ኦሞ የሚበጁ ተሞክሮዎች

ታሪካዊ ሕንፃን መጠገን ከፍተኛ ገንዘብና ሙያ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ከጥገናው በኋላ የሚሰጠው አገልግሎትና በኃላፊነት የሚይዘው አካል አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ የተጠገነው ቤት ተቆልፎ ዳግም ለጉዳት መጋለጡ አይቀርም።

ጂንካ በቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ዕድሜዋ ከጎንደርና ከሐረር ጋር ሲነጻጸር አጭር በመሆኑ፣ በእንዲህ ዓይነት ከተማ የሚገኙ ነባር የመሥሪያ ቤት፣ የትምህርትና የንግድ ሕንፃዎች «አሮጌ ቤት» ተብለው በቀላሉ ሊታለፉ ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት፣ የቅርስ ምዝገባ ከመንገድና ከመሬት አጠቃቀም ፕላን መቅደም እንዳለበት ያመለክታል።

ከአገልግሎት ያልተለየ ቤት

የቅርቡ ትምህርት የሚገኘው ከደቡብ ኦሞ በስተምሥራቅ ካለው ኮንሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውስጥ የሚገኙት «ሞራ» የተባሉ የጋራ ቤቶች መሰብሰቢያ፣ የሽምግልና ቦታና የወጣቶች ማደሪያ ናቸው። ክዳናቸውና ምሰሶአቸው ሲያረጅ ኅብረተሰቡ ራሱ ያድሳቸዋል። ቤቶቹ ጸንተው የቆዩት ሳይቋረጥ ሥራ ላይ በመዋላቸው ነው።

አዲስ አገልግሎት ያገኙ ሕንፃዎች

በአዲስ አበባ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቷል። ዋናው ሕንፃ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ሙዚየም የያዘ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም ለጎብኚዎች ተጠብቆ ቆይቷል። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤት ደግሞ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተመረቀው አንድነት ፓርክ የታላቁን ቤተ መንግሥት ነባር አዳራሾች ለሕዝብ ክፍት አድርጓል።

በሐረር በተለምዶ «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚባለው ሕንፃ ታድሶ የሸሪፍ ሙዚየም ስብስቦችን ይዟል። የጣይቱ ሆቴል በበኩሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ቃጠሎ ጉዳት ቢደርስበትም፣ ተጠግኖ ወደ ቀድሞ የሆቴል አገልግሎቱ ተመልሷል።

የጥገናው ጥንቃቄ

በጎንደር ፋሲል ግቢ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ የተሠራው ጥገና ለኖራ ግንቡ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ በኋላ በተካሄደው እንክብካቤ ሲሚንቶው እየተነሳ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ሲሚንቶ በግንቡ ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ድንጋዩንና ነባሩን ማያያዣ ይጎዳል። ስለሆነም አነስተኛ ዋጋን ብቻ መሠረት ያደረገ ጨረታ ኋላ ላይ ድርብ ወጪ ሊያስከትል ይችላል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥበቃና የጥገና ሥራ በቅድሚያ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመደቡበትን ሥርዓት ዘርግቷል።

ለደቡብ ኦሞ

በሐመርና በሙርሲ ከእንጨትና ከሣር የሚሠሩ ቤቶች በየጊዜው ስለሚታደሱ፣ በእነርሱ ዘንድ ዋናው ቅርስ የአሠራር ዕውቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በጂንካ የተቋቋመው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ይህን ዕውቀት ለመሰነድ አመቺ መሠረት ይሆናል።

በከተማው ላሉ ነባር ሕንፃዎች ግን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ መመዝገብ፣ ቀጥሎ አገልግሎቱንና ባለቤቱን መወሰን፣ ከዚያም ፈቃድ አግኝቶ መጠገን፣ በመጨረሻም ለዓመታዊ እንክብካቤ በጀት መያዝ ያስፈልጋል። ሳይመዘገብ የፈረሰ ቤት ግን በየትኛውም በጀት አይመለስም።